ለፊልም ሟች ፍትሐት

ሲኒማ ሰቆጣ ከገባ ወዲህ ቄስ ወልደ ኢየሱስ እፎይ ብለው አያውቁም። ቀድሞ የንስሐ ልጆቻቸው ኃጢአት የታወቀ ነበር፤ ድንበር የገፋ፣ ጎረቤት የሰደበ፣ ረቡዕ ቀን ወተት የቀመሰ። ቀኖናውም የታወቀ ነው፤ ይህን ያህል ስግደት፣ ይህን ያህል አቡነ ዘበሰማያት፣ አለቀ። በቀበሌው አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊልም መታየት ከጀመረ በኋላ ግን ሕዝቡ እሑድ ጠዋት ይዞባቸው የሚመጣው ጥያቄ በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ ሆነ።

«አባ፣» አለች አንዷ በገና ጾም፣ «በፊልሙ ሰዎቹ ጥብስ ሲበሉ አየሁና ምራቄን ዋጥኩ። ጾሜን ሽሬ ይሆን?»

«ምራቁ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ!»

«እንግዲያው የራስሽን ነው የዋጥሽው፤ ሂጂ።»

ይቺ ቀላሏ ናት። አንዱ ገበሬ ደግሞ ከጋዝጊብላ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ በፊልሙ ያለችው ሴት ክፉ ባሏን ጥላ ከሌላ ሰው ጋር ስትኮበልል እሰይ ማለቱን ተናዘዘ። ኃጢአቱ የሷ ነው የሱ? ቄስ ወልደ ኢየሱስ ጺማቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «ለሁለታችሁም ስገድ። እሷ የሚሰግድላት ሰው ያላት አትመስልም» ብለው ሸኙት። ሰውየው ለማያውቃት ፈረንጅ ጉልበቱ እስኪላጥ ሰግዶ ኖሮ፣ በሳምንቱ እያነከሰ ተመልሶ ሌላ ፊልም አየ።

ቄሱ ራሳቸው አዳራሹ ደጃፍ ደርሰው አያውቁም፤ ካህን እንዲያ አያደርግም። ነገር ግን ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ጨው ያልቅባቸዋል። ለምን ቅዳሜ ብቻ እንደሚያልቅባቸው ባለቤታቸውም መጠየቅ ትታለች። ጨው የሚገኘው ደግሞ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው የዓብዱልቃድር ሱቅ ነው። የአዳራሹ መስኮት መከለያው ወድቆ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኗል፤ ከረጢቱ ተቀዷል። ከዓብዱልቃድር ባንኮኒ ጀርባ፣ የአሞሌው ቁልል አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው በቀዳዳው አሻግሮ ፊልሙ የሚያርፍበትን አቡጀዲ ያያል። አቡጀዲውን ሲባል ግማሹን፣ የግራውን ማለት ነው። ስለዚህ ቄስ ወልደ ኢየሱስ በዓመት ውስጥ የታየውን ፊልም ሁሉ ግራ ግራውን ያውቁታል። አንዱ ወደ ቀኝ ሮጦ ከጠፋባቸው እስኪመለስ ይጠብቃሉ፤ ካልተመለሰ ነፍስ ይማር ይላሉ።

«አባ፣ ለምን ገብተው አያዩም?» ይላቸዋል ዓብዱልቃድር እየሳቀ። «የኛ ሼህ እንኳ ጠጋ ብለው አዳምጠዋል፤ የተከለከለው ማየት ነው እንጂ መስማት አይደለም ብለው።»

«እኔም ጨው ልገዛ ነው የመጣሁ» ይላሉ እሳቸው፤ ዓይናቸውን ከከረጢቱ ሳይነቅሉ።

ፊልሙን የሚያሳየው ጓድ ወርቅአገኘሁ የሚባል የንቃት ሠራተኛ ነበር። ሞተሩን ያስነሳል፣ መጀመሪያ ስለ እርሻ ማኅበርና ስለ ትራክተር ንግግር ያደርጋል፣ ከዚያ ፊልሙን ይከፍትና በቀርከሃ ዘንግ እየጠቆመ ይተረጉማል። ፊልሙ የሚናገርበትን ቋንቋ እሱም አያውቀውም። ግን መተርጎም ግዴታው ስለሆነ ይተረጉማል፤ ኋላ የተቀመጡት ደግሞ አማርኛ ለከበዳቸው ሽማግሌዎች ወደ ኽምጣንጋ ይመልሱታል፤ እዚያ ሲደርስ ታሪኩ ሌላ ሆኖ ያርፋል። በወርቅአገኘሁ አተረጓጎም የዓለም ፊልም ሁሉ አንድ ነው፤ ጭቁን ገበሬና ባላባት። አንድ ቅዳሜም ባለ ነጭ ፈረስ ጎልማሳ ብቅ ሲል፣ «ይህ ጭቁን ገበሬ ነው!» አለ።

«ጭቁን ከሆነ ፈረሱን ከየት አመጣው?» አለ አንዱ ከጨለማው።

«ቀምቶ!»

«ከማን?»

«ከባላባቱ ነዋ! ዝም ብለህ እይ!»

ሰውየው ጺማም፣ ቅንድቡ የገጠመ፣ የፊት ጥርሱ ፍንጭት፣ ደረቱ ላይ መስቀል ያንጠለጠለ ነበር። ሕዝቡ መስቀሉን ሲያይ የኛው ነው ብሎ ወደደው። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ጉድጓድ ውኃ አጠገብ ወርዶ፣ አማትቦ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል በጥይት መቱት። ይህ የሆነው በቀኝ በኩል ስለሆነ ቄሱ አላዩትም። እሳቸው ያዩት ፈረሱን ነው፤ ኮርቻው ባዶውን፣ ልጓሙን እየጎተተ በግራ በኩል ሲመጣ።

በዚህ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ተነሥታ ቆመች። ድምፅዋን ሰቆጣ በሙሉ ያውቀዋል፤ ከሰማው ግን ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

«ፈረሱ ተመልሶ ከደጁ ላይ ቆመ፣
ጌታው ወዴት ቀረ በላዩ የከረመ?»

ጥሩሐረግ ነበረች። በዚያ አገር እንደሷ ያለ አልቃሽ የለም፤ እሷ ያልደረሰችበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም ነበር። ባሏ ምንዋጋው ከሚሊሺያው ጋር ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ ደብዳቤም መልእክትም ቀረ። ኋላ አብሮት የዘመተው አስማረ አንድ እጁ ሽባ ሆኖ ተመለሰና «ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። እሷ ግን «መውደቅ ሌላ፣ መሞት ሌላ» ብላ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። አስከሬን በሌለበት የሟች ልብስ ወጥቶ ይለቀሳል፤ ልብሱን ከሣጥን አላወጣም አለች። ፍትሐት አይደረግም፣ ተዝካርም የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰውም ለቅሶ አፏን ከፍታ አታውቅም።

አሁን ከፈተችው። ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ወንዶቹ ደረት መቱ፣ አንዱ «ወንድሜን!» ብሎ መሬት ላይ ተዘረረ። ወርቅአገኘሁ ሞተሩን አጥፍቶ ቢለምንም የሚሰማው አላገኘም። በማግስቱ ለበላዮቹ «ሰፊው ሕዝብ ለመደብ ወንድሙ ከፍተኛ ስሜት አሳይቷል» ብሎ ሪፖርት ማድረጉ ተሰምቷል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩሐረግ ቄስ ወልደ ኢየሱስ ፊት ቀረበች።

«አባ፣ ያ ሰው ፍትሐት ይደረግለት።»

«የቱ ሰው?»

«ባለ ፈረሱ። አማትቦ ነው የሞተ። ክርስቲያን ነው። ቄስ አልመጣ፣ ጉድጓድ አልተማሰለት፣ ውኃ ዳር ጥለውት ነው የሄዱት። እንደ ውሻ ይቅር?»

ቄሱ ይህስ ቀልድ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የምንዋጋው ታላቅ ወንድም ገበያው ቀሚሳቸውን ከኋላ ጎተተ። ገበያው ክፉ ሰው አይደለም። ግን ባለፈ ባገደመበት ሁሉ «ወንድሙን ሳያስለቅስ እህል የሚበላ» እያሉ ስለሚያሙት ቀልቡ ጠፍቷል፤ የወንድሙ ነፍስም ያለ ፍትሐት በየበረሃው የምትንከራተት እየመሰለው ሌሊት ይባንናል። ወደ ጥግ ወስዶ ተለማመጣቸው።

«አባ፣ ይበሉላት በእግዜር። ለዚያኛው ከለመደች ለኔም ወንድም እሺ ትላለች። እንባዋ አንዴ መንገድ አግኝቷል።»

ነገሩ ከልባቸው ገባ። እሳቸውም ምንዋጋው ሞቷል ብለው ነው የሚያምኑት፤ አስማረ የሚዋሽ ሰው አይደለም። ግን ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይደረግም። ስለዚህ ሰው ያየኛል አያየኝም እያሉ ወደ ወርቅአገኘሁ ቤት ሄዱ። ቁርሱን ሲበላ አገኙት።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«የማን?»

«የሟቹ።»

ወርቅአገኘሁ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ አብዮቱ እንዲህ ያለውን ኋላ ቀር ነገር እንደማይታገሥ ነገራቸው። ከዚያ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወልደ ጊዮርጊስ ይበሉት አባ። በፈረስ ነበር የሚሄደው።»

ቄስ ወልደ ኢየሱስ በሳምንቱ መካከል፣ ከአንድ ዲያቆን ጋር፣ አጠር አድርገው ለወልደ ጊዮርጊስ ጸሎት አደረሱለት። እያነበቡ ልባቸው ይከራከራቸው ነበር። ያልነበረ ሰው ሊሞት ይችላል? ካልሞተስ ጸሎቱ የት ይሄዳል? ኋላ እግዚአብሔር የሚሻውን ያውቃል፣ ስሙ ወልደ ጊዮርጊስ የሆነ ለማኝ አንድ ቦታ ሞቶ ይሆናል፣ ለሱ ያድርገው ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ጥሩሐረግ ዳቦና ጠላ አምጥታ ነበር። የመጣው ሰው በላ፣ ጠጣ፣ «ነፍሱን ይማር፣ ደግ ሰው ነበር» አለ። አንዱማ ከዘመድ ወገን እንደሆነ አድርጎ ወሬ ጀምሮ በጉሸማ ነው ያስቆሙት።

ገበያው የጠበቀው አልቀረም። ሰዉ ሲበተን ጥሩሐረግ ፊቷን ወደሱ ሳታዞር ተናገረች።

«አያ ገበያው፣ ለማላውቀው ሰው አልቅሼ ለባሌ ባላለቅስ ሰው ምን ይለኛል? ይሁን። ለእሑድ ያድርጉት።»

ገበያው በደስታ የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። የዚያኑ ለት የምንዋጋውን ልብስ ከሣጥኑ አውጥታ ሰጠችው፤ ጋቢውን፣ ኮቱን፣ አንድ ቁምጣ። ጌሾ ወቀጠች፣ ጠላ ጠመቀች። ሲያዩዋት ግን አንዲት እንባ ከዓይኗ አልወጣም። ጎረቤቷ ደብሬ «ለፊልሙ ሰውዬ ያን ያህል፣ ለባሏ ዝም!» ብላ በየቤቱ አወራች። ቄሱም ይህን ሲሰሙ ደስ አላላቸውም። እሺ ያለችው ተሸንፋ እንጂ አምና እንዳልሆነ ገባቸው፤ ግን ቃል ወጥቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ እሑድ በቅዳሴው ላይ በክርስትና ስሙ «ተክለ ማርያም» ብለው ከሙታን ጋር ሊጠሩት ነው። አንዴ ከተጠራ ወዲያ እሷም መበለት ናት።

እንዲህ ሆኖ ቅዳሜ መጣ፤ የቄሱም ጨው አለቀ።

የዚያን ቀን ፊልም ሠርግ ነበረበት። ቄስ ወልደ ኢየሱስ አሞሌው አጠገብ ተቀምጠው የሙሽራይቱን ወገን ሲያዩ (ሙሽራይቱ በግራ ነበረች) ከቀኝ በኩል አንድ ሰው እየጨፈረ መጥቶ ፊታቸው ተገተረ። ቅንድቡ የገጠመ፣ ጥርሱ ፍንጭት። ጺሙን ተላጭቷል፣ ይስቃል፣ በእጁ የዶሮ እግር ይዟል።

«በስመ አብ!» አሉ ቄሱ፤ ከበርጩማው ተነሡ።

«ምነው አባ?» አለ ዓብዱልቃድር።

«ፈታሁት እኮ! ረቡዕ ለት ፈታሁት!»

በአዳራሹ ውስጥ አንዲት አሮጊት እልልታዋን አቀለጠችው። «ተነሣ! ጌታዬ ሆይ፣ ተነሣ!» ሌላው አማተበ፣ ሌላው ወንበር ላይ ወጣ። ወርቅአገኘሁ ላብ በላብ ሆኖ ዘንጉን አወናጨፈ።

«እሱ አይደለም! ይህ ወንድሙ ነው!»

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ከፊት የተቀመጠው ገበያው እንደ ተወጋ ሰው ብድግ አለ።

«ወንድሙ? ወንድሙ ከሞተ ገና ሳምንቱ ነው! እንዴት ቢደፍር ነው በሠርግ የሚጨፍረው? ዶሮም ይበላል! አንተ፣ ሰው አይደለህም?» ይህን የተናገረው ለአቡጀዲው ነው። ከኋላም «ያሳፍራል!»፣ «አስወጡት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ወርቅአገኘሁ ነገሩ ወደ ድብድብ ሲያመራ አይቶ እውነቱን አወጣው፤ ሰውየው ያው ባለ ፈረሱ ነው፣ ሥራው ይህ ነው፣ ሙት ሲሉት ይሞታል፣ አግባ ሲሉት ያገባል፣ ደመወዝ ይከፈለዋል።

«ታዲያ ለምን አስለቀስከን?» አሉት በአንድ አፍ። «እንባችንን ማን ይመልስልናል?» ደረቱን የመታ ደረቱን እያሳየ፣ መሬት የተዘረረ ጉልበቱን እያሳየ ከበቡት። ወርቅአገኘሁ ያን ዕለት ሕዝብ እንዴት እንደሚነቃ በዓይኑ አየ።

በዚህ ሁሉ ሁካታ መካከል አንድ ሰው ይስቅ ነበር። ጥሩሐረግ ናት፤ ሆዷን ይዛ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እየሳቀች ከአዳራሹ ወጣች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ቀጥታ ወደ ዓብዱልቃድር ሱቅ ገባች። ቄሱ ከአሞሌው ቁልል ኋላ ለመደበቅ ጎንበስ ቢሉም ጥምጣማቸው ከላይ ቀርቷል።

«አባ፣ ይውጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እንደሚሆኑ አገር ያውቃል።»

ወጡ። ዓብዱልቃድር እንዳያሳፍራቸው ዞሮ ስኳር መመዘን ጀመረ፤ የሚገዛ ሰው ግን አልነበረም።

«አዩት?» አለቻቸው።

«አየሁት ልጄ፤ የፊተኛውን ግን ግማሹን ነው ያየሁ። ሲወድቅ አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ። አዳራሹ ሙሉ ሰው አይቷል። ማሉ ቢሉን ታቦት ይዘን እንምል ነበር።» ሳቋ ከፊቷ ላይ እየቀረ ሄደ። «ሞኝ አይደለሁም አባ። ሲኒማና ጦርነት አንድ አይደለም። አስማረም ውሸታም አይደለም፤ ያየውን ነው የነገረኝ። እኔም ያየሁትን ነበር የነገርኩዎ።»

ቄሱ ሊሏት የሚገባው ነገር ሞልቷል፤ ተዋናይ ደመወዝተኛ ነው፣ ጥይት ግን ደመወዝተኛ አይደለም፣ ሁለት ዓመት ረጅም ነው። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ከምላሳቸው አልወጣ አላቸው።

«ልብሱን ለአያ ገበያው ሰጥቻለሁ፣» አለች፣ «ቃሌን አላጥፍም። ጠላውም ደርሷል፣ ነገ ሰው ይምጣ ይጠጣ። የምንዋጋውን ስም ግን የሚጠሩት እርስዎ ነዎት። ከየትኛው ወገን እንደሚጠሩት አስበው ይጥሩት። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆሜ እሰማለሁ።» መስቀላቸውን ተሳልማ ሄደች።

ዓብዱልቃድር ሚዛኑን አስቀመጠ። «አባ፣ ጨውዎን።» ቄሱ ግን ጨውን ረስተው ወጥተዋል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ግማሹ ለምንዋጋው ፍትሐት፣ ግማሹ ለጠላው ነው የመጣው። ገበያው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ከፊት ቆሟል፤ ልብሱም በደጀ ሰላሙ ተዘርግቷል። አስማረ ሽባ እጁን ታቅፎ ከግድግዳው ተጠግቷል፤ ከሁሉ ይልቅ የተጨነቀው እሱ ይመስል ነበር። ቄስ ወልደ ኢየሱስ ሲቀድሱ ድምፃቸው የወትሮው አይደለም። ስለ ሕሙማን የሚጸለየውን ጸለዩ። ሕዝቡ ተቀበለ። ቀጥሎ ስለ መንገደኞች የሚጸለየው መጣ፤ በየብስ ለሚሄዱ፣ በባሕር ለሚሄዱ፣ ከቤታቸው ርቀው ላሉ ሁሉ። የሙታን ጸሎት ገና ነው። እዚህ ቦታ ላይ የሚጠሩት ስም አልነበራቸውም።

«ባሪያህን ተክለ ማርያምን» አሉ በግዕዙ መካከል፣ ማንም እንዳይሳሳት በአማርኛ፣ «ወደ ቤቱ መልሰው።»

ገበያው ቀና አለ። ቄሱ አላዩትም፤ መጽሐፉን ነው የሚያዩት። ደንግጠዋል። ውሸት ነው? ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። ሞቶም ከሆነ መንገድ ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ቤቱ የት እንደሆነ ያውቃል። ገጹን ገለጡ።

ያኔ ከሴቶቹ በኩል ልቅሶ ተሰማ። ግጥም አልነበረውም፣ ዜማም አልነበረውም፤ ሰቆጣ የሚያውቀው የአልቃሿ ድምፅም አይደለም። አንዲት ሴት ባሏ የናፈቃት ናት የምታለቅሰው። «ምንዋጋው!» አለች፤ ስሙን ከጠራች ስንት ጊዜዋ ነው። ደብሬ ደግፋ ያዘቻት፤ ጥሩሐረግ ግን ሁለት ዓመት ያጠራቀመችውን እዚያው በደብሬ ትከሻ ላይ አፈሰሰችው።

«ለምን አሁን?» አለ ገበያው ጮክ ብሎ፣ ቅዳሴ ላይ መሆኑን ረስቶ። «ሞተ ስንላት ዝም ብላ፣ አለ ሲሏት ታለቅሳለች?»

ዲያቆኑ የሚቀጥለውን ለማስታወስ ጉሮሮውን ጠረገ። ቄስ ወልደ ኢየሱስ በእጃቸው ዝም በል አሉት። ልቅሶዋ እስኪያልቅ ድረስ ቆሙ፤ ሕዝቡም አብሯቸው ቆመ፤ ከዚያ ገበያው የተዘቀዘቀ ነጠላውን ከትከሻው አወረደና አስተካክሎ ለበሰ።